ሳያድሩ መጠየቅ

ባለፈው ቅዳሜ በሐይቁ ዳር ሳልፍ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን በጀልባ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አዲሱ ድልድይ ሁለቱን ሰፈሮች ካገናኘ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ሰው ሁሉ በሃያ ደቂቃ በእግሩ ይሻገራል። እሳቸው ግን ሻንጣቸውን ታቅፈው፣ ነፋስ ያስቀራትን ጀልባ ሲጠብቁ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ማዶ ያሉት ታናሽ እህታቸው በጠና ታመዋል።

ሰላምታችንን ሳንጨርስ የእህታቸው ልጅ፣ ነርሷ፣ በድልድዩ ተሻግራ መጣች።

«አጎቴ፣ እባክዎን ይነሱ። እማዬ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ነው የምታየው።»

«ጀልባዋ ስትመጣ እመጣለሁ።»

«ድልድዩ ምን አደረገዎት?»

«እኔን ምንም። የገደለው ጥየቃን ነው። ድሮ ጀልባዋ ከሄደች እስከ ማግስቱ አትመለስም፤ እንግዳ ማደሩ ግድ ነበር። የልብ ጨዋታ የሚመጣው ከራት በኋላ ነው፣ ልጄ። አሁን ጎረቤት እናቱን ጠይቆ ሲመለስ፣ ቀድቶት የሄደው ሻይ እንኳ አልቀዘቀዘም! በር ላይ ቆሞ ‹እንዴት ናችሁ› ብሎ መሄድ የፖስተኛ ነው እንጂ የወንድም አይደለም።»

እውነት ለመናገር ሽማግሌው ጨርሶ አልተሳሳቱም። ሰዓት እያየን የምንጠይቅ ብዙ ነን፤ እኔም አለሁበት። ነርሷም አልተቆጣችም።

«ልክ ብለዋል። ግን በዓመት ስንት ጊዜ ያድሩ ነበር?»

«ሁለቴ፣ ሲሳካ ሦስቴ። ሥራ አለ፣ ነፋስ አለ።»

«በቀረው ጊዜስ ማን ያጫውታት ነበር? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ድልድዩ እኮ ሩቁን ዘመድ ጎረቤት አደረገው። እማዬን እህል እምቢ የሚላት አመሻሽ ላይ ነው። ከሥራ ሲወጡ ብቅ ብለው ቢያስቋት ከእኔ መድኃኒት ይበልጣል። ማደር ሲያምርዎትም ድልድዩ አይከለክልዎትም። አደራዎን አጎቴ፣ ጀልባ ሲጠብቁ እማዬ እንዳታመልጥዎት።»

ሰፊው ሻንጣቸውን አንጠለጠሉ። ተነሱ። እኔም ወሬ ወዳድ ነኝና ተከተልኳቸው።

ድልድዩ ላይ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሐኪሙ ይተላለፋል፤ «ነፋስ ነው» ብሎ የሚቀር የለም። ሰፊው ግን ግራ ቀኝ ሳያዩ ፈጠን ፈጠን ይላሉ።

እህትየዋ ወንድማቸውን ሲያዩ አለቀሱ፤ ቆይተው ደግሞ ሳቁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስት ቀን የተከመረ ሥራ ነበረባቸውና ሰፊው ለመሄድ ተነሱ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሳታድር? ደግሞ መቼ ላይህ ነው?»

«ነገ» አሉ ሰፊው።

ማዶና ማዶ በኖሩባቸው ሠላሳ ዓመታት ይህን ቃል ለእህታቸው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ሐይቅ የለያችሁ ዘመዶች ሁሉ፣ እባካችሁ አታመንቱ፤ ተሻገሩ።