ስልሳ የግራ እጅጌ

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሽዬ! ጎበዝ ቆራጭ ቀጠሩ አሉ።»

ልብስ ሰፊው የሱቁን በር ሊዘጋ እንደያዘ ፊቱ ቅጭም አለ። «አንቺም ልትስቂብኝ መጣሽ?»

ነርሶችን የምታስተምረው የጎረቤቱ ልጅ፣ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ አግኝታው የልቧን መናገሯ ነበር። የሰማችው መቅጠሩን እንጂ የተከተለውን አይደለም። ግራ ሲገባት አስገባትና ጠረጴዛው ላይ የተቆለለውን አሳያት። ለሠላሳ ተማሪ ኮት የተቆረጠ ስልሳ እጅጌ፤ ስልሳውም የግራ።

«የጨርቁን ፊትና ጀርባ ሳይለይ ደራርቦ ሸረከተው። ርእሰ መምህሯ እስከ ሰኞ ካላደረሱ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ ብላኛለች።»

«ሰውየውስ?»

«ምሳ በልቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፤ በደንብ ሳይበላ አልቀረም።»

«ሲቀጥሩት ምን ጠየቁት?»

«ያልጠየቅሁት አለ? የተማሪ ልብስ ትቆርጣለህ ወይ ስለው ‹ዓይኔን ጨፍኜ!› አለኝ። አልዋሸም፤ ጨፍኖ ነው የቆረጠው። ከእሱ በፊት አንዲት ሴት መጥታ ነበር። ያንኑ ብጠይቃት ‹ጨርቁን ሳላየው ምን ልበልዎት?› ብላ አቀረቀረች። አታውቅም ብዬ ሸኘኋት። ምን ላድርግ? ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል።»

«ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለውንስ ለማን ተዉት? እኛ ነርስ ስንመርጥ በሽተኛ እንዴት ይነሣል ብለን ጠይቀን ብቻ አንለቅም። አንዳችን አልጋው ላይ እንተኛና በይ አንሺ እንላታለን። ምላሷ የተሳሰረ የስንቷን እጅ ወርቅ ሆኖ አገኘነው መሰለዎት!»

«ሥራ ፈላጊን እንደ ተማሪ ልፈትን? ነውር አይሆንም?»

«የግማሽ ቀን ዋጋዋን ከፍለው መቀስና ቁራጭ ጨርቅ ቢሰጧት ምኑ ነው ነውሩ? ዓይን አፋሯ ሥራ ታገኛለች፣ እርስዎም ከኪሳራ ይድናሉ፣ ልጆቹም ኮታቸውን በጊዜ ይለብሳሉ።»

ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ሙያ ያስተማሩት ሽማግሌ ትዝ አሉት፤ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ፣ ቁልፍ ሲተክል ሦስት ቀን አይተው ነበር የተቀበሉት።

«አውቀው ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ይህን የአለቃ ጠረጴዛ ከገዛሁ ወዲህ ነው መጠየቅ ያማረኝ።»

መቼም ሰው ከጠረጴዛ ኋላ ሲቀመጥ ጆሮው ይረዝማል፣ ዓይኑ ያጥራል።

የሴትዮዋን ስልክ የጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ከመሳቢያው ፈልጎ አወጣ። «ቀኙን እንደ አዲስ ብትቆርጥልኝ ለሰኞ እንደርስ ነበር። ብደውልላት ትመጣ ይመስልሻል?»

«መምጣቱንስ ትመጣ ይሆናል» አለች፣ ቦርሳዋን እያነገተች፤ «ግን አሁን ጠያቂዋ እሷ ናት።»