ጭረት ያልነካት ሮቦት

እታለም፣ ይሄ ብዕር ቀለም ይተፋል እንዴ? አይ፣ ደህና ነው... እኔ ነኝ አጥብቄ የተጫንኩት። እስቲ ቀጣዩን ፖስታ አቀብይኝ። ለካ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ በየመጽሐፉ ጀርባ ቁጥር ስጽፍ የኖርኩት የሰርግሽን ጥሪ ለመጻፍ ኖሯል። እንግዶችሽን በፊደል ተራ መደርደሬን ግን ታገሺኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። መስኮቱን ልክፈተው? የሞቀሽ መሰለኝ።

ቆይ፣ ሳልረሳው... ስለ ወጣቶች አዳራሹ የጌም ውድድር አልነገርኩሽም አይደል? ሥራ ላይ ነበርሽ። አንቺ ማዋለጃ ክፍል ሁለት ሕፃን ስትቀበዪ፣ እኔ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ከተማ ሳስፈርስ ዋልኩ። የሚገባው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። እኔንም አንድ ሰው አጋሬ ሁኚ አለኝ... ምነው ቀና አልሽ? እጮኛሽን ማለቴ አይደለም! አንድ ሰው ነው ያልኩት። በዓለም ላይ ስንት ሰው አለ?

ደግ ሰው ነው። እንደኔ ያለችውን፣ ሰው ሰላም ሲላት መጽሐፍ ከፍታ የምትደበቀውን፣ ከጎኔ ተቀመጪ ማለት ቀላል ደግነት ነው?

ጌሙን ታውቂዋለሽ። እነዚያ አኒሜ በሚሉት የጃፓን ካርቱን ላይ የምናያቸው፣ ፎቅ የሚያካክሉ፣ ዓይናቸው የሚበራ ሮቦቶች ናቸው የሚዋጉት። ለአንድ ጥንድ አንድ ከተማና አንዲት ሮቦት ይሰጠዋል። ተራ የሚጠበቅበት ጨዋታ አይደለም፤ አንቺ ስታስቢ ጠላት እየመጣብሽ ነው። እኔ ደግሞ ማሰብ እወዳለሁ... መመሪያውን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ በሦስት ቀለም አስምሬ ነው የሄድኩት። የእያንዳንዱን ሮቦት የሕይወት ታሪክ በቃሌ አውቃለሁ። ተጋጣሚዎቻችን የሚያውቁት የትኛው ቁልፍ እንደሚተኩስ ብቻ ነበር፤ ምስኪኖች። ደግሞ ማዳመጫዬን ሳልሰካ ግማሹን ጨዋታ ጨርሻለሁ። ጸጥታው ተመችቶኝ!

ሥራ ተከፋፈልን። ብረት ማውጣት፣ ግንብ መሥራት፣ የተሰበረውን መጠገን የእኔ፤ ሮቦቷ የእሱ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። እምቢ የሚለው ቃል አፌ ላይ አይመጣም እንጂ፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ የት ገጽ እንዳለ አሳይሻለሁ።

ጌሙ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ካደረግሽባት አጋርሽ ከመጋዘንሽ ሳይጠይቅሽ ይወስዳል። መመሪያው «በጥንቃቄ» ይላል፤ ያሰመርኩበትም እኔው ነኝ፣ በቀይ። እሱ ግን «በእኛ መሃል ምን ጥያቄ አለ?» አለኝ። እንዲህ አምሮ ሲነገር ቀይ መስመር ትዝ የሚለው ማን ነው? ምልክቱን አደረግኩ።

ከዚያ ግንቤን ላጠናክር ብዬ መጋዘኑን ስከፍት... ባዶ። ብረቴ የት ገባ ብዬ ዞር ብል፣ ሮቦቷ ክንፍ አውጥታለች። ወርቃማ ክንፍ! ትበራለች ወይ ብትዪኝ... አትበርም። ለውበት ነው። ያየ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ እኮ፣ እታለም። የገዛ ብረቴ መሆኑን እያወቅኩ።

ጠላት በእኔ በኩል ገባ። አንቺ ብትሆኚ ትጮኺ ነበር፤ ማዋለጃ ክፍል የኖረ ሰው መጮኽ አያሳፍረውም። አጋሬ አጠገቤ ነው የተቀመጠው፣ ክርናችን ይነካካል። እኔ ግን ጌሙ ላይ መልእክት ጻፍኩለት። «ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩህ፣ የምሥራቁን በር ብታይልኝ ደስ ይለኛል።» ነጠላ ሰረዞቹን አስተካክዬ አራት ነጥቡን ሳሳርፍ በሩ ወደቀ። እሱ መልስ አልነፈገኝም፤ ሐሰት አልናገርም። «እየመጣሁ ነው» አለኝ። ሁለተኛው በር ሲወድቅ፣ «እየመጣሁ ነው»። መጋዘኑ ሲነድ፣ «እየመጣሁ ነው»። ድምፁ ደግሞ እንዴት እንደሚያረጋጋ! እየነደድኩ ተረጋጋሁ።

ለካ ሮቦቷን ካርታው ጥግ ወስዶ አቁሟታል... እንዳትጫርበት። ተሸንፈን ስንነሳ አዳራሹ ሁሉ «አይዟችሁ» ሲለን ምን አለ መሰለሽ? «የኔዋ ግን ጭረት እንኳ አልነካትም!» እውነቱን ነው። እሱ አይዋሽም። መምጣቱም አይቀርም ነበር... ትንሽ ከተማ ቢተርፈኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳጥኗ ላይ ምልክት ያደረገው የማን እጅ ነው?

ኧረ ይሄ ከፖስታዎቹ ሥር ያለው ምንድን ነው? አንቺ... የማስተርሱ የቅበላ ደብዳቤ አይደለም እንዴ? ሦስት ዓመት ሙሉ ስታመለክቺ የኖርሽበት? እስከ ዓርብ መልስ ስጪን ይላል። ጀርባው ላይ ደግሞ በእርሳስ «ዘንድሮ ስለማይመቸኝ» ብለሽ ጀምረሻል... አይ፣ እኔ ምን አገባኝ። «የዛሬ ዓመት አብረን እናስብበታለን» ብሎሽ ይሆናል። ማን? እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንድ ሰው ነዋ። በእናንተ መሃል ምን ጥያቄ አለ?

ኧረ አልተቀየምኩም! ለእኔስ ጌም ነበር፤ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ከተማዬን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ይኸው እንደለመድኩት ብረት እየቆፈርኩ ነው፤ ሳጥኗን ብቻ ባዶዋን ትቻታለሁ።

ፖስታ አቀብይኝ እንጂ። ደብዳቤውን ከላይ አድርጌዋለሁ፤ ከሥር ሆኖ እንዳይጨማደድብሽ። ላጲስም አጠገቡ አለልሽ፣ ምናልባት ካስፈለገሽ።

በይ ነይ ልመርቅሽ፤ ታናሽ ነሽ ካላልሽኝ። ፈጣሪ ትዳርሽን እንደዚያች ሮቦት ያድርግልሽ። ያየው ሁሉ ያጨብጭብለት፣ ጭረት አይንካው፣ ክንፍም ያውጣ። ቤትሽ ክፉ ቃል አይሰማበት። ተጣርተሽ መልስ አትጪ፤ በሩ ሁሉ ቢወድቅ፣ ጣሪያው ቢነድ እንኳ፣ እስከ ዕድሜሽ ማብቂያ ድረስ፣ እንዲያ በሚያረጋጋ ድምፅ «እየመጣሁ ነው» የሚልሽ ሰው አያሳጣሽ።