ሦስተኛው በሬ

ሰርጌ ሊፈርስ የነበረው በአንድ በሬ ነው፤ ያውም በሌለ በሬ! እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፣ ባሌ የሞጣ፤ ሁለቱ ወገን አንድ ላይ ሊደግስ ተስማምቷል። ባሌ የቢሮ ሰው ነውና ለእንግዳው ስንት በሬ እንደሚበቃ በኤክሴል አስልቶ መጣ። ላፕቶፑን ሽማግሌዎቹ ፊት ከፍቶ፣ «ከቢቸና አንድ በሬ፣ ከሞጣ አንድ በሬ፣ ድምር ሦስት» ብሎ አነበበላቸው። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አጎቴ፣ «ሦስተኛውን ማን ነው የሚያመጣው?» አሉ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ፈጠን ብለው፣ «የሴት ወገን ነዋ!» አሏቸው። በቃ፣ ጠቡ ጦፈ። አጎቴማ ጋቢያቸውን አንስተው «ሰርጉ ይቅር!» እስከማለት ደረሱ።

ባሌ ላቡን እየጠረገ ቁጥሩን ነካ ሲያደርገው ጉዱ ወጣ። «የየወገኑ ድርሻ ለካ አንድ ነጥብ አራት ነው! ኮምፒዩተሩ ነጥቡን ከዓይን ይደብቀዋል እንጂ ሲደምር አይረሳውም። ሁለት ነጥብ ስምንት መጥቶለት ነው ሦስት ያለን» አለ። አጎቴ አሰቡ አሰቡና፣ «ልጄ፣ ይኼ ነጥብ አራት ከበሬው በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁት። አማቴም፣ «በሻኛው በኩል ከሆነ የእኛ ነው!» አሉ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

በስንት ልመና ሦስተኛውን በጋራ ገዙ። የሰርጉ ዕለት ሁለቱ በሬዎች ታረዱ፤ ሦስተኛውን ግን «እናንተ እረዱ»፣ «የለም፣ እናንተ» ሲባባሉ ሥጋው አለቀ። የቀረው እንግዳ በሬው ቆሞ እያየው ሽሮ በላ። ሳይታረድ የቀረውም በሬ ለእኛ ለሙሽሮቹ ተረፈ፤ ይኸው ኮምፒዩተሩ የደበቀውን ነጥብ እኔ በየማለዳው ውኃ አጠጣዋለሁ።