አቶ ባዘዘው ያቆሙት ክኒን

አቶ ባዘዘው ልጅ ሳሉ ከአጥር ማዶ የሰሙት ንግግር ነበር። ሟቹ ማን እንደ ነበር ዛሬ ትዝ አይላቸውም፤ የሞት ወሬ ይዞ የመጣውን መልእክተኛ የጠየቁበት የአባታቸው ድምፅ ግን አልጠፋቸውም። «አስከሬኑን አይተሃል?» «አላየሁም፤ ገበያ ሰማሁ።» «ማን አየ? ማን ቀበረ?» «እሱን አልጠየቅሁም።» «እንግዲያው ሂድና ያየውን ሰው ይዘህ ና። በወሬ መርዶ አይነገርም።» ከዚያ በኋላ የተባለውን ረስተውታል። ጎልምሰው በሮብ ገበያ ዙሪያ መርዶ ነጋሪ ሲሆኑ ግን በዚሁ ደንብ ሄዱ፤ ያየ ሰው ሳያገኙ የማንንም ደጅ አልረገጡም።

አገር በጥንቃቄያቸው የሚያከብራቸው እኚሁ ሰው የደም ግፊት ክኒናቸውን ከፋሲካ ወዲህ በስልክ ባዩት አንድ ዜና ምክንያት ትተውት ነበር።

አንድ ጠዋት ራሳቸውን እየወጋቸው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሥራነሽ ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት ትንቢት ትባላለች፤ በከተማው ሬዲዮ የጤና ዜና የምትሠራ ጋዜጠኛ ናት።

ወይዘሮ ሥራነሽ ሥራዋን ሲሰሙ «እሰይ!» አሉ። «እስቲ ይህን ሰውዬ ምከሪልኝ ልጄ። ሐኪም ሲነግረው ጆሮ የለውም፤ ስልክ ሲነግረው ግን እንደ ንስሐ አባቱ ይሰማል።»

«አንቺ ደግሞ!» አቶ ባዘዘው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ዜና እኮ ነው ያየሁት። ‹ጥናት አረጋገጠ፤ የግፊት ክኒን ኩላሊት ይጨርሳል፤ ባለሙያዎችም ይህንኑ ተናገሩ› አለ። እኔ ከባለሙያ ልበልጥ ነው?»

«የትኛው ባለሙያ አባባ?» አለች ትንቢት።

«ነጭ ጋውን የለበሰው።»

«ስሙ?»

«አልተናገረም።»

«ጥናቱን ማን አጠናው? በሰው ላይ ነው በአይጥ?»

«እሱን እንኳ... አላለም።»

«መጨረሻ ላይስ ምን አለ?»

ወይዘሮ ሥራነሽ ቀደሟቸው። «‹ክኒኑን ጥላችሁ የእኔን የመድኃኒት ዱቄት ግዙ› አለ! ዛሬ የምንሄደው እሱን ልንገዛ ነው!»

ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። አቶ ባዘዘው ግን እጅ አልሰጡም። «ሐኪም አይሳሳትም ልትይኝ ነው?»

«ይሳሳታል እንጂ። ስለዚህ ነው አንዱን ብቻ ጠይቀን የማናበቃው። በዚያው በሽታ ላይ የሠራውን እንጠይቃለን፤ በነገሩ ጥቅም የሌለው ሌላ ባለሙያም እንዲያየው እናደርጋለን፤ ማን እንዳለ ስሙን ጠርተን እንናገራለን። ሻጭ ስለ ዕቃው የሚለው ማስታወቂያ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም።»

«እናንተስ ‹ባለሙያዎች እንደሚሉት› አትሉም?»

«ስንቸኩል እንላለን፤ ትክክል አይደለም። የሚያርመን ‹ማን ነው ያለው?› ብሎ የሚደውል አድማጭ ነው።»

«ሰማህ?» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ። «የሰው መርዶ ሲሆን ማን አየ፣ ማን ቀበረ እያልክ መልእክተኛውን ቁም ስቅሉን ታሳየዋለህ። የራስህ ነፍስ ሲሆን አንድም አልጠየቅህም።»

አቶ ባዘዘው አቀረቀሩ። ነገሩ ገብቷቸዋል። ፈውስ የምንለምነው አምላክ መጠየቂያ አእምሮም ሰጥቶናል፤ በሞት ጊዜ የምንጠቀምበትን ያህል በሕይወት ጊዜ አንጠቀምበትም።

ከሚኒባሱ ሲወርዱ ወደ ዱቄቱ ሱቅ አላመሩም፤ ሦስቱም ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ዶክተር ሩሃማ ግፊታቸውን ለካች፤ ደማቸውን አስመርምራ ውጤቱን አየች።

«ግፊትዎ በጣም ወጥቷል፤ ኩላሊትዎ ግን ደህና ነው። ኩላሊትን የሚጎዳው ያልታከመ ግፊት ነው። ክኒኑ ካልተስማማዎት እኛ እንለውጥልዎታለን፤ በራስዎ አያቁሙ። ደግነቱ በጊዜ መጥተዋል።»

«ተመስገን!» ወይዘሮ ሥራነሽ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፤ እያለቀሱም ሳቁ። አቶ ባዘዘው ዶክተሯ የሰጠቻቸውን ክኒን እዚያው ዋጡ።

«አባባ፣» አለች ትንቢት በሩ ላይ፣ «ዜናውን ያዩት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ስንቱ ክኒኑን ጥሎ ይሆናል? በፕሮግራማችን ቢናገሩልኝ?»

«በዚህ ዕድሜዬ አገር ይሳቅብኝ?»

«ይሳቅ!» አሉ ባለቤታቸው። «ከመለቀስ አይሻልም?»

አቶ ባዘዘው ወደ ትንቢት ዞሩ። «እሺ፣ እመጣለሁ። ስሜንም ቀበሌዬንም ጥሪ። ሐኪም አለመሆኔንም ተናገሪ፤ እኔ የምናገረው የደረሰብኝን ብቻ ነው፤ ስለ ክኒኑ ዶክተሯ ትናገር።»