አሜን ሳይባል

ከፒያሳ ወደ አዲስ ከተማ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሆነን ከኋላ ተጣበን ተቀምጠናል። ከዳር የተቀመጠው ወጣት መሃል ያሉትን ሴትዮ ጠየቃቸው።

«እትዬ አስቴር፣ ቢሮ ቀየራችሁ አሉ?»

«አዎ። ሦስት በጎ አድራጎት ድርጅቶች አንድ ሕንፃ ገባን። እኛ አረጋውያንን እንረዳለን፣ አንዱ አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን፣ ሌላው እናቶችን።»

«አትጣሉም?»

«መጀመሪያ የማን ታፔላ ከላይ ይሰቀል ብለን ተጨቃጭቀናል። አሁን ፕሪንተሩም፣ መኪናውም፣ ዘበኛውም የጋራ ነው። የጠዋት ጸሎትም አብረን ነው።»

«ጸሎቱ እንኳ ለየብቻ ቢሆን ይሻል ነበር።»

«የጠቀመንማ እሱ ነው! ባለፈው ሰኞ የሕፃናቱ አስተባባሪ ጮክ ብላ ስትጸልይ፣ ‹ጌታ ሆይ፣ ለዚያች ልጅ ዊልቸር ስጣት፤ አድጋለች፣ እናቷ አዝላ ትምህርት ቤት ማድረስ አቅቷታል› አለች።»

«እሺ?»

«የእኛ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ዓይኑን ገለጠ። አሜን እስኪባል እንኳ አልጠበቀም። ‹እኛ ስቶር ውስጥ አለ!› አለ።»

«ስንት ጊዜ ተቀምጦ?»

«ሁለት ዓመት። አንድ አባት ሲያርፉ ልጆቻቸው መለሱልን፤ እኛም አቧራ እንዳይነካው ሸራ አልብሰን አስቀመጥነው።»

«እነሱስ ሲፈልጉ ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

«እነሱም ሁለት ዓመት። የድሮ ቢሯቸው እኮ ከእኛ ጀርባ ነበር።»

«ልጅቷ አሁን ትማራለች?»

«ትናንት በራሷ እጅ እየገፋች ክፍል ገባች።»

እኔ ግን አባቴ ካረፈ ወዲህ ከበራችን ጀርባ የቆመው ክራንች ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።