የኮዳው ባለቤት

ከደምበጫ ወደ ማርቆስ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ገበሬ አሮጌ ኮዳ ይዘዋል። ከፊታችን ያለችው የታሪክ መምህርት ዞር አለች።

«አባባ፣ ይሄን ኮዳ ከየት አገኙት?»

«ከጣሊያን ጋር ውጊያ የነበረበትን ማሳ ሳርስ ነው ያገኘሁት። ያርበኛ ነው።»

«እስቲ ልየው። ስም ተጭሮበታል፤ ጆቫኒ ይላል። አባባ፣ የጣሊያን ወታደር ኮዳ ነው።»

«ወይ ጉድ! ባለቤቴ እኮ ጠበል ታኖርበታለች። በጠጣች ቁጥር ለባለኮዳው ‹ነፍስ ይማር› ትላለች።»

«አሁን ልትጥለው ነዋ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ጸልያለት? ኧረ አታደርገውም! ይልቅ ጆቫኒ በእኛ ማን ይባላል?»

«ዮሐንስ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! ከእንግዲህ ስሙን እየጠራች ትጸልይለታለች።»

ቦርሳዬን ከመካከላችን አንስቼ እግሬ ሥር አስቀመጥኩና ለኮዳው ቦታ ለቀቅኩለት።