የክትባቱ ፍሪጅ

ክቡር ኃላፊያችን አቶ ካሣሁን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ይህን መሸኛ ስላሰናዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ጋቢውም ወፍራም ነው። ደጋ ለደጋ ስታዞሩኝ ቢደርስልኝ ደግሞ ይበልጥ ያሞቀኝ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከብት አክሜያለሁ። ረግጠውኛል፣ ወግተውኛል። አንዳቸውም ግን ቃለ ጉባኤ አልያዙብኝም።

ያን ፋሲካ ታስታውሱታላችሁ? የበግ ፈንጣጣ ክትባቱ ከፍሪጅ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ አራት ቀን ሰነበተ፤ በቦታው የቅርጫችን ሥጋ ገባ። በአምስተኛው ቀን ያንኑ ሙቀት ያበላሸውን ክትባት ይዘን እንድንወጣ ታዘዝን። ገበሬው አቶ ተክለ ማርያም አሥራ አራት በግ አስከተቡ፤ ፈንጣጣው ሲገባ አሥራ አንዱን ቀበሩ።

ሥጋውን እኔም በልቻለሁ። መርፌውንም የወጋሁት እኔው ነኝ። ለመናገር የዘገየሁት አሥራ አንድ በግ ያህል ነው።

በስብሰባ ሳነሳው አቶ ካሣሁን "ለመሆኑ ሥጋውን ማን አየ?" አሉ። አሥራ ሰባት ሰው በልቶ አንድም ያየ አልተገኘም። ጥብሱን የጠበሰው ወዳጄ ይበልጣል እንኳ "እኔ ጾም ላይ ነበርኩ" አለ። በፋሲካ ሳምንት!

ከዚያማ "ለሥራው አመቺነት ሲባል" ሦስት ጊዜ ተዛወርኩ። ለካ ሥራው የሚመቸው መኪና በማይገባበት ቦታ ነው። ከወገዳ ከተማ የስምንት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ሳለሁ እናቴ አርብ ገበያ ከተማ ታመመች። ፈቃድ ብጠይቅ "በጽሑፍ አቅርቢ" ተባልኩ። ፈቃዱ የደረሰኝ እናቴ በተቀበረች በስድስተኛው ቀን ነው። ማኅተሙ ጥርት ያለ ነበር።

ይህን እንኳ ቀልጄበት ላልፍ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ተተኪዬ ዘርፌ፣ አንድ ቀን "እትዬ ይታይሽ፣ እርስዎን ያየ ሰው እንዴት ደፍሮ ይናገራል?" ብለሽኝ ነበር። መልሱን ሳልሰጥሽ ጡረታ ደረሰብኝ።

በሉ ልመርቃችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ከብታችሁ ይርባ፣ እርጅናችሁ ይመር፣ ዝውውራችሁም አስፋልት ዳር ይሁን።

አሜን ካላችሁ፣ ብርጭቆ ከማንሳታችን በፊት አንዲት ነገር ልጠይቅ። በከተማው መብራት ከጠፋ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። የሚሠራው ፍሪጅ በፀሐይ የሚሠራው የእኛ ፍሪጅ ብቻ ነው። ፊታችሁ ያለው ቢራ ግን በረዶ ሆኗል።

ዘርፌ፣ ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ነው። ክትባቱን የት አስቀመጣችሁት?